«የሚያልቅ ነገር አይቆጠርም» ብሎ ነገር! ያልታደሰ ሆት ሮድ የቱ ነው?

ሻንሲ ቁጥር፦ እስቲ ይህን የሆት ሮድ፣ ማለትም ለፍጥነት ተብሎ የተቀየረ አሮጌ መኪና፣ የሽያጭ ማስታወቂያ አንብቡና ያበሳጨኝ እኔን ብቻ እንደሆነ ንገሩኝ። «የ1932 ፎርድ ሮድስተር፣ ጣሪያው ክፍት። በ1953 ሆት ሮድ ሆኖ ከተሠራ ወዲህ ያልታደሰ፣ ኦርጅናል። ሞተሩ፣ የወንበሩ ቆዳና የፊት ቀለሙ ብቻ ተነክተዋል፤ የሚያልቅ ነገር አይቆጠርም።» ሞተሩ «ብቻ»! ፓራፋንጎው ድሮ ተነቅሎ ተጥሏል። ከሞተር፣ ከወንበርና ከቀለም ወዲያ ሆት ሮድ ላይ ምን ተረፈ? መሪው? (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው፣ ደግሞ በዚያ እንዳንጣላ።)

ፍላትሄድ፦ የተቆጣህበት ምክንያት አልገባኝም። ሞተር ያልቃል። ፋሻው ይበላል፣ ኩሽኔታው ይበላል። የድሮው ፎርድ ቪ8 (ባለ 8 ሲሊንደሩ) ደግሞ ጭሱ በሞተሩ አካል፣ በብሎኩ ውስጥ አልፎ ስለሚወጣ ውሃ ያፈላል፣ ብሎኩም ይሰነጠቃል። ሰውዬው የተሰነጠቀ ሞተር ታቅፎ ይቀመጥ? ያለው ልክ ነው፤ የሚያልቅ ነገር አይቆጠርም።

ካንዴላ፦ እሺ፣ እንቁጠራ። ጎማ ያልቃል። ባትሪ ያልቃል። የፍሬን ሸራ ያልቃል። ቀለም ፀሐይ ይበላዋል። ላሜራ ዝገት ይበላዋል። ሻንሲውም እንደዚያው። ባለቤቱም አንድ ቀን ያልቃል። የማያልቀው ሊብሬው ብቻ ነው፣ እሱንም አይጥ ካላገኘው።

ፍላትሄድ፦ ቀልድህ መልስ አይደለም።

ካንዴላ፦ ያንተም መልስ አልነበረም።

ዝገት ወዳጅ፦ ነገሩን አታጣምሙት። ከመጀመሪያውም እንዲቀየር ታስቦ የተሠራ ዕቃ አለ፤ ጎማ፣ ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ ዘይት። የአሜሪካው አሮጌ መኪና ክበብ ኤኤሲኤ 25 ዓመት ያለፋቸውንና የጥንት ገጽታቸውን የጠበቁ መኪኖች ለብቻቸው ይመዝናል፤ ጎማ ቀየርክ ብሎ ያባረረው ሰው አልሰማሁም። ሞተር አውጥቶ ሌላ መክተት ግን ሰርቪስ አይባልም።

ፍላትሄድ፦ በሆት ሮድማ ይባላል! ስፖርቱ ራሱ ያ ነው። በ1937 የደቡብ ካሊፎርኒያው የፍጥነት ውድድር ማኅበር ኤስሲቲኤ ሲመሠረት ደረቅ ሐይቅ ላይ የሚሮጡት ልጆች በየሳምንቱ ሞተር ያወርዱ ነበር። ሸቭሮሌ በ1955 ስሞል ብሎክ የሚባለውን ቪ8 ሞተሩን ሲያወጣ ደግሞ ግማሹ ሰው ፎርዱን አውርዶ እሱን ከተተ። ይህኛውም እንደዚያ ነው የሆነው። ፎቶው ላይ ሸቭሮሌ ይታያል። የዘመኑ ለውጥ ነው፤ የመኪናው ታሪክ ነው።

ሻንሲ ቁጥር፦ ፎቶውን አጉላውና የቫልቭ ክዳኑን እይ። ብሎኖቹ መሀል ለመሀል ናቸው። የድሮው ስሞል ብሎክ ክዳን ዙሪያውን ጠርዙ ላይ ነው የሚታሰረው፤ የመሀል ብሎን የመጣው በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። የትኛው «የዘመኑ ለውጥ»?

ፍላትሄድ፦ ክዳን ይቀየራል።

ሻንሲ ቁጥር፦ በድሮ ቴስታታ ላይ እንዲሁ አይገጥምም። ቴስታታውም ተቀየረ በለኝና ብሎኩ ምስኪን ብቻውን ይቅር።

ፍላትሄድ፦ ይቀየር! እኔ የምለው ሌላ ነው። እናንተ ኦርጅናል የምትሉት ከፋብሪካ በር የወጣበትን ዕለት ብቻ ነው። የዓለም አቀፉ የአሮጌ መኪኖች ፌዴሬሽን ፊቫ በ2012 ያጸደቀው የቱሪን ቻርተር እንኳ መኪናው በአገልግሎት ዘመኑ ያገኘው ለውጥ የታሪኩ ምስክር ስለሆነ ይጠበቅ ነው የሚለው፤ ወደ ተሠራበት ቀን መልሱት አይልም። በ2024 ፔብል ቢች በሚባለው የአሜሪካ የአሮጌ መኪኖች ውድድር ላይ ትልቁን ሽልማት የወሰደችው የ1934 ቡጋቲ ታይፕ 59 ናት። ካልታደሱት ምድብ መጥታ ያንን ሽልማት ስትወስድ የመጀመሪያዋ ናት። ታሪኳን ታውቃላችሁ፤ ግራንድ ፕሪ ተወዳድራ ስታበቃ ሱፐርቻርጀሯ (ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋው ዕቃ) ወጥቶ ስፖርት መኪና ተደረገች፣ ከዚያ የቤልጂየሙ ንጉሥ ሊዮፖልድ 3ኛ ገዝቶ ጥቁር አስቀባትና ቢጫ መስመር አሰመረባት። ንጉሥ ሲያስቀባ ታሪክ፣ ጎረምሳ ሲቀባ ጥፋት?

ዝገት ወዳጅ፦ ቡጋቲዋን የቀየራት ፋብሪካው ራሱ ነው። ያንተን ሮድስተር የቀየረው ጓሮ ውስጥ ያለ ጎረምሳ ነው። አንድ አይደሉም።

ካንዴላ፦ ጎረምሳውና ጓሮው እኮ ናቸው የሆት ሮድ ፋብሪካ።

ፍላትሄድ፦ አንተን ለመጀመሪያ ጊዜ ላይክ አደረግኩህ።

ካንዴላ፦ አትልመደኝ። ንጉሡ ያስቀባት ያኔ ነው፣ ከዚያ ወዲህ አልታደሰችም፤ የተሸለመችው ለዚያ ነው። ያንተ ሰውዬ ሞተሩን የከተተው መቼ እንደሆነ አልተናገረም።

ጋሽ መሪ፦ ልጆች፣ ይህ ክርክር እንግሊዝ አገር በ1990 ፍርድ ቤት ደርሷል። የለ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር በ1929 እና በ1930 ያሸነፈችው ቤንትሌይ፣ «ኦልድ ነምበር ዋን» የሚሏት፣ ገዢው ይህቺ ያቺ አይደለችም፣ ዕቃዋ ሁሉ ተለዋውጧል ብሎ አልገዛም አለ። ዳኛው ኦርጅናል የሚባል ነገር ብዙም እንዳልተረፋት አምኖ፣ ዕቃው ቀስ በቀስ ስለተተካ ግን ማንነቷ አልተቋረጠም፣ እውነተኛዋ ናት ብሎ ፈረደ። ገዢው ተረታ።

ሻንሲ ቁጥር፦ ጋሼ፣ ያመጡት ፍርድ እኮ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ዳኛው እውነተኛ ናት አለ እንጂ ያልታደሰች ናት አላለም።

ፍላትሄድ፦ የለም፣ ለእኔ ነው። ማንነቷ አልተቋረጠም ብሏል።

ጋሽ መሪ፦ ለሁለታችሁም አላመጣሁትም። ሰው እስከ ፍርድ ቤት እንደሚሄድበት እንድታውቁ ነው።

ዝገት ወዳጅ፦ ፍርድ ቤት ምን ያደርጋል፣ የሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር ማመሳከር ነው። ከገጠመ ገጠመ።

ላኬር፦ የቱን የሞተር ቁጥር? የ1932 ፎርድ ቪ8 ብሎክ ላይ የተመታ መለያ ቁጥር የለም። ቁጥሩ ያለው ካምቢዮው ላይ፣ በፍሪሲዮኑ ቤትና በግራው የሻንሲ ብረት ላይ ነው፤ የሻንሲውን በደንብ ለማየት ደግሞ ቦዲውን ማንሳት ነው። ዛሬ ቦዲውም ሻንሲውም አዲስ ተሠርቶ ይሸጣል። «ቁጥሩ የገጠመ ሞተር» ብሎ የ1932 ፎርድ ቪ8 የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ቦርሳችሁን ጠበቅ አድርጉ።

ካንዴላ፦ ሻንሲ ቁጥር ወንድሜ፣ ስምህን ይዘውብሃል፤ ቦዲህን አንሳና እንይ።

ላኬር፦ ደግሞ «የፊት ቀለሙ ብቻ» የምትለዋን ሐረግ ማናችሁም አለመንካታችሁ ይገርመኛል። ሁላችሁም ሞተር ላይ ተጣላችሁ። ሞተር እኮ ይመለሳል፤ የድሮው ሣጥን ውስጥ ከተቀመጠ በሁለት ቀን ገብቶ ይታሰራል። ቀለም አይመለስም። አሮጌ የላኬር ቀለም ሲሰነጣጠቅ፣ ሐይቁ ላይ ሲሮጥ በሩ ላይ የተጻፈው የውድድር ቁጥር ከታች ደብዝዞ ሲታይ፣ ብየዳው ዳር ላይ ያደረው የእጅ ሥራ፣ ይኸ ሁሉ በአንድ ከሰዓት ብርጭቆ ወረቀት ይሄዳል። የፊቱ ከተቀባ እኔ ያልታደሰ አልለውም። ሞተሩን ግን ይቅር እለዋለሁ፣ የመሀል ብሎን ቢኖረውም።

ሻንሲ ቁጥር፦ እህቴ፣ ሞተርን ይቅር ካልሽማ በሩን ከፈትሽው። የአዘቦት መኪና በሙሉ ቀለሙ ካልተነካ ያልታደሰ ሊባል ነው?

ላኬር፦ የድሮውን ሞተር ካልጣለው፣ አዎ።

ሻንሲ ቁጥር፦ ማስታወቂያው የድሮው ሞተር አለ ይላል እንዴ?

ላኬር፦ አይልም። ለዚያ ነው ጠይቁት የምለው፤ እናንተ ሳትጠይቁት ትሰድቡታላችሁ።

ሻንሲ ቁጥር፦ ለማንኛውም ሆት ሮደሮቹ ራሳቸው ስለማያምኑበት ነገር ነው የምንጨቃጨቀው። ፔብል ቢች በ1997 ለሆት ሮድ ለመጀመሪያ ጊዜ ምድብ ሲከፍት ያሸነፈው የዶን ስፔንሰር 1932 ሮድስተር ነው፤ ታድሶ፣ አብለጭልጮ ነው የቀረበው። ያልታደሰ ያን ያህል ከተከበረ ለምን አደሱት?

ፍላትሄድ፦ ታደሰ እንጂ ወደ ፋብሪካ አልተመለሰም። ስፔንሰር ወደሠራው ነው የተመለሰው። ልዩነቱ ካልታየህ ምን ላድርግህ።

ሻንሲ ቁጥር፦ የሚታየኝ አዲስ ቀለም ነው።

ዝገት ወዳጅ፦ ስለ ቀለም ከተነሳ አይቀር ከአዲስ ቀለም የከፋው የውሸት ዝገት ነው። ጨው በውሃ፣ ኮምጣጤ፣ ትንሽ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ «70 ዓመት የዳበረ»።

ላኬር፦ ባልከውማ እስማማለሁ። አንተስ ዝገቱ እንዳይሄድ ላይ ላዩን የማያበራ ክሊር፣ ቀለም አልባ ሽፋን፣ ቀብተህበት የለ?

ዝገት ወዳጅ፦ እሱ ጥበቃ ነው።

ላኬር፦ በአሮጌው ቀለም ላይ አዲስ ቀለም ነው። ሲላጥ የታችኛውን ይዞ ይነሳል።

ዝገት ወዳጅ፦ የማያበራ ነው እያልኩሽ! ማንም አይለየውም።

ላኬር፦ የውሸት ዝገት የሚሠሩትም እንደዚያ ነው የሚሉት። ደግሞ ባለፈው የለጠፍከው ፎቶ ላይ ኮፈንህ ፊት ያሳይ ነበር።

ዝገት ወዳጅ፦ ዝናብ ዘንቦበት ነው።

ካንዴላ፦ ኮፈኑ ላይ ብቻ?

ዝገት ወዳጅ፦ ዝናብ ነው አልኩ።