ጢስ አባይ ድንጋይ ድልድዩ ላይ ነን፣ የእናቴ ጫማ አፉን ከፈተ! ቶሎ መልሱልኝ

ጠያቂ፦ ባትሪዬ 12 በመቶ ነው። ቁልቁለቱን ስንወርድ የእናቴ የቀኝ ጫማ ሶል ከፊት ተላቀቀ። በረገጠች ቁጥር ይጠልፋታል። ወደፊት እንቀጥል ወይስ እንመለስ? «ፏፏቴውን ሳላይ ንቅንቅ አልልም» ብላለች። ማስቲሽ እዚህ አካባቢ ይገኛል?

የጣና ልጅ፦ አይዟችሁ። የቆማችሁበት ድልድይ እኮ የዋዛ አይደለም! በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1626 ገደማ የተሠራ ነው። ኖራው በእንቁላል ተቦክቷል ይላሉ አባቶች። ይኸው እስከዛሬ ሰውም ከብትም ይሻገርበታል። እናታችንን ቅስቱ አጠገብ ፎቶ አንሳልኝ።

ብርቱካን፦ ጫማው ፏፏቴውን ገና ሳያይ አፉን ከፈተ? 😀 ማስቲሽ ገዝተህ ለጥፈው።

ጫማ ሰፊው፦ ማስቲሽ እርሱት። ጭቃ የነካው ሶል አይዝም፣ መድረቂያ ጊዜም የላችሁም። ያንተን የጫማ ክር ፍታ። በሶሉ ሥር አሳልፈህ ሁለት ጊዜ ጠምጥመው፣ አንዱን ከጣቶቿ ኋላ፣ ሌላውን መሃል እግሯ ላይ። ቋጠሮው ከላይ ይሁን። ከሥር ከሆነ እርጥብ ድንጋይ ላይ ያንሸራትታታል።

ደጉ፦ ለመሆኑ እናቱን በዚያ መንገድ በዚህ ወቅት የሚወስድ ማነው? ጥር ላይ መሬቱ ሲደርቅ መሄድ ነበር።

ጠያቂ፦ ጥር ላይማ ምን እናያለን? እሷ የምትመኘው ሙሉውን አባይ ነው።

የጣና ልጅ፦ ልክ ነው። በበጋ ውሃው ራሱ ይቀንሳል፣ ያለውም ለኃይል ማመንጫ ይጠለፋል። መስከረምን የመሰለ የለም።

ባህርዳሬ፦ ወንድሜ ስማኝ፣ መንገዱን ስንት ጊዜ ሄጄበታለሁ። ከድልድዩ ቀጥሎ ዳገት ነው። መንደሩን አልፎ ፏፏቴው ፊት ለፊት ያወጣችኋል። ከዚያ ተንጠልጣዩ ድልድይ፣ ከዚያ ጀልባ፣ ከዚያ ከተማው። ውሃ ሲበዛ ግን ጀልባው ይቆማል። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት የሰፈሩን ልጆች «ዛሬ ጀልባ አለ?» በሏቸው። ከሌለ ያንኑ መንገድ በታሰረ ጫማ ልትመለሱ ነው። ጀልባ ካለ ደግሞ ሌላም አማራጭ አላችሁ። ከዚሁ ወደ ከተማው ተመልሳችሁ በጀልባው በኩል ግቡ፣ ለእሷ ጉልበት ያኛው ይቀላል።

ብርቱካን፦ ማስቲሽ ግን የእኔን ጫማ ሁለት ዓመት ይዞልኛል።

ጠያቂ፦ ጫማዬ ክር የለውም። የዳቦው ፌስታል ግን አለ። 4 በመቶ ቀረኝ።

ጫማ ሰፊው፦ ይበቃል! በቁመቱ ቅደድና ገመድ አድርገህ ግመደው። ከማሰርህ በፊት ሶሉ ውስጥ የገባውን ጠጠር አራግፍ፣ አለዚያ እግሯን ይልጠዋል። ትርፍ ፌስታል ካለህ ኪስህ ውስጥ ያዝ፣ ዳገቱ ላይ መበጠሱ አይቀርም።

ባህርዳሬ፦ ጀልባ እንዳለ አረጋገጥክ?

የጣና ልጅ፦ መሽቷል እኮ። እናታችን አዩት?