የጂፕሰም ቦርዱ መገጣጠሚያ ከቀለም በኋላም እየታየ ነው፤ ምን ይሻላል?

ባለሙያዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። አዳማ ውስጥ አንድ ሰፊ ክፍል በጂፕሰም ቦርድ ለሁለት ከፍለን፣ መገጣጠሚያው ላይ ስቱኮ (ክፍተት መሙያው ሊጥ) ተመርጎ ነጭ ቀለም አንድ ጊዜ ተቀብቷል። ፊት ለፊት ሲያዩት እንከን የለውም። ማታ መብራቱ ከጎን ሲያርፍበት ግን መገጣጠሚያው ሁሉ ከላይ እስከ ታች እንደ ጅማት ተገትሮ ይታያል። ስቱኮ ያረፈበት ቦታ ደብዘዝ፣ የቦርዱ ወረቀት ያለበት ደግሞ አብረቅረቅ ይላል።

ሠራተኛው «ሁለተኛው ቀለም ይሸፍነዋል» ባይ ነው። እኔ ግን አላምንም፤ ስቱኮና ወረቀት ቀለም የሚጠጡት እኩል አይደለም፣ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባው መነሻ ቅብ) መቅደም ነበረበት። አሁን በቀለሙ ላይ ፕራይመር ቢደረብ ይሠራል? በእጅ ስዳስሰው መገጣጠሚያውን የሚይዘው መረብ የተለጠፈበት መሃል ጎበጥ ይላልና፣ መጀመሪያ በሰፊ ስፓቱላ ግራና ቀኙን አስፍቶ እንደገና መመረግ ይሻል ይሆን? ግድግዳውን በሙሉ በስቱኮ መሸፈን እንኳ ኪሴ አይችለውም።

የአዳማን ንፋስ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ መስኮት ሲከፈት አቧራው እርጥቡ ላይ ይለጠፋል፣ ሲዘጋ የስቱኮው ብናኝ አያስተነፍስም። በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ልፈግፍገው ወይስ በ220? በእርጥብ ስፖንጅ ማለስለስስ ብናኙን ይቀንስልኛል ወይስ የቦርዱን ወረቀት ይልጠዋል?