ሃይስ 5ኤል ደንገጎ ዳገት ላይ ብቻ ይሞቃል፤ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ይከፈት?

ጥያቄ (ሳቢያን ሚኒባስ)፦
ሰላም ባለሙያዎች። መኪናው ሃይስ ነው፣ 5ኤል የናፍጣ ሞተር። ድሬ ከተማ ውስጥ ከከዚራ ሳቢያን ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ ሙቀቱ ግማሽ ላይ ይቆማል። ሰው ሞልቶ ወደ ሐረር ደንገጎን ሲወጣ ግን ቀስቱ ቀይ ጋ ይደርሳል፤ ሪዘርቩም (የትርፍ ውሃ ዕቃው) ሞልቶ ይተፋል። ሜዳው ላይ ወጥቶ ወደ አዴሌ ሲጠጋ በራሱ ይመለሳል። ራዲያተሩ ከውጭ ታጥቧል፣ ቴርሞስታቱ (ወደ ራዲያተር የሚሄደውን ውሃ እንደ ሙቀቱ የሚከፍተውና የሚዘጋው) «ለድሬ ሙቀት አያስፈልግም» ተብሎ ወጥቷል፣ የሚጨመረው የቧንቧ ውሃ ነው። ዘይቱ ንጹሕ ነው። አንድ ሜካኒክ ጓርኒሲዮኑ (በቴስታታና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ነው፣ ቴስታታ እንክፈት ብሏል። ምን ይመስላችኋል?

መልስ (ጋራዥ ለገሐሬ)፦
ገና አትክፈት። መጀመሪያ ያ ቴርሞስታት ይመለስ። የዚህ ሞተር ቴርሞስታት ከታቹ ሌላ ክዳን አለው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ውሃው ራዲያተር ሳይነካ የሚዞርበትን አጭር መንገድ የሚዘጋው እሱ ነው። አውጥተህ ስትጥለው ያ መንገድ ሁልጊዜ ክፍት ይሆናል፣ ግማሹ ትኩስ ውሃ ሳይበርድ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ከተማ ውስጥ ጭነቱ ቀላል ስለሆነ አይታወቅህም፤ ዳገት ላይ ይታወቃል። «አገሩ ሞቃት ነው አውጣው» የሚለው ምክር ስንት ሞተር እንዳቃጠለ!

አዲሱን ከመግጠምህ በፊት ድስት ውስጥ በክር አንጠልጥለህ ቀቅለው። ላዩ ላይ የተቀረጸው ዲግሪ አካባቢ መከፈት መጀመር አለበት፤ ውሃው ሲፈላ 8 ሚሊሜትር ያህል ካልተከፈተ መልሰው። የድስቱን ግርጌ አይንካ። ስትገጥመው ትንሿ የአየር ቀዳዳ ወደ ላይ ትሁን፣ አለዚያ አየር ታቁራለች።

መልስ (ሸዋ በር ሜካኒክ)፦
በቴርሞስታቱ እስማማለሁ፤ ግን የራዲያተሩን ክዳን ማንም አላነሳውም። ደንገጎ አናት ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፣ እዚያ ከፍታ ላይ ክፍት ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። 0.9 የሚል የግፊት ቁጥር ያለው ክዳን ግፊቱን በትክክል ከያዘ ግን እስከ 115 አካባቢ ሳይፈላ ይቆያል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖም ዳገት ላይ ይተፋል። ከሁሉ የሚረክሰው ዕቃ እሱ ስለሆነ ከእሱ ጀምር። ቁጥሩ ከድሮው ጋር አንድ ይሁን፤ ከፍ ያለ ቁጥር መግጠም ማኒኮቶ (የውሃ ጎማ ቱቦ) እና ራዲያተር ያፈነዳል።

ቀጥሎ ቬንትሌተሩ (የራዲያተሩ ማራገቢያ)። መሐሉ ላይ ያለው የሲሊኮን ዘይት ከፈሰሰ ሞተሩ ሲሞቅ ቬንትሌተሩ አብሮ አይዞርም። ሞተሩን አሙቀህ አጥፋና ቁልፉን አውጣ፣ ከዚያ በእጅህ ግፋው፦ ከበድ ብሎ ወዲያው መቆም አለበት። ደጋግሞ በቀላሉ የሚሽከረከር ከሆነ ተበላሽቷል። ፊቱ ላይ ዘይት የለጠፈው አቧራም ምልክት ነው። ዳገት ላይ መኪናው በዝግታ፣ ሞተሩ በጉልበት ስለሚሄድ ከፊት የሚገባ ነፋስ የለም፤ ሙሉ ሥራው የቬንትሌተሩ ነው። ቺንጊያውንም (ቀበቶውን) እግረ መንገድህን እይ፤ ከላላ ይንሸራተታል፣ የውሃ ፖምፓውም በደንብ አይዞርም።

መልስ (ራዲያተር ሠሪ፣ መጋላ)፦
ከውጭ ታጥቧል ማለት ከውስጥ ጸድቷል ማለት አይደለም። የድሬ ውሃ ኖራው ብዙ ነው፤ ጀበናና ማንቆርቆሪያ ግርጌ የሚጋገረው ነጭ ነገር ራዲያተር ቱቦ ውስጥም ይጋገራል። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ የራዲያተሩን ፊት በመዳፍህ ዳስሰው። እዚህ ትኩስ፣ እዚያ ቀዝቃዛ ከሆነ ቀዝቃዛው ተደፍኗል። የመዳብ ከሆነ የራዲያተሩ የውሃ ሣጥን ተነቅሎ ቱቦዎቹ በዘንግ ይወጋሉ። አሉሚኒየም ሆኖ ሣጥኑ ፕላስቲክ ከሆነ ግን አይወጋም። ድፍኑ ቀለል ያለ ከሆነ በ10 ሊትር ውሃ 500 ግራም ሲትሪክ አሲድ በጥብጠህ ራዲያተሩ ውስጥ ጨምርና ሞተሩን ሩብ ሰዓት አሙቀው፣ ድፋው፣ ከዚያ ንጹሕ ውሃ እስኪወጣ አምስት ጊዜ ያህል እጠበው። የባትሪ አሲድ የሚያስጨምርህን አትስማ፣ አሉሚኒየሙን ይበላዋል።

ከዚያ በኋላ የቧንቧ ውሃ ይብቃህ። ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል። «የባትሪ ውሃ» ብለህ ስትገዛ አሲዱን እንዳይሰጡህ ጠርሙሱን አንብብ። ደግሞ የታችኛውን ማኒኮቶ ረዳትህ ነዳጅ ሲሰጥ ተመልከተው፤ ተጨማድዶ ከተጣበቀ ውሃው መንገድ አጥቷል።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ክዳኑ ጎማው ተሰንጥቋል፣ ቬንትሌተሩም እንደ ልቡ ይዞራል። ጓርኒሲዮኑ ጤነኛ መሆኑን ሳልከፍት የማውቅበት መንገድ አለ?

መልስ (ጋራዥ ለገሐሬ)፦
አለ። ጠዋት ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሳለ ፖምፓውን የሚያዞረውን ቺንጊያ አውጣ፣ ራዲያተሩን እስከ አፉ ሙላ፣ ክዳኑን ክፍት ተወው፣ አስነሳ። ከአንድ ደቂቃ በላይ አታቆየው። ፖምፓው ስለማይዞር ውሃው ረግቶ መቆየት አለበት። ተከታታይ አረፋ ካየህ የቃጠሎ ጋዝ ነው፤ ጓርኒሲዮኑ ይጠረጠራል። ቺንጊያው ተመልሶ፣ ክዳኑ ተዘግቶ፣ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ የላይኛው ማኒኮቶ እንደ ድንጋይ ከጠጠረም ያው ነው። ዘይት ንጹሕ መሆኑ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ጋዝ ወደ ውሃ ሲያልፍ ዘይቱ ላይነካ ይችላል።

መልስ (ሸዋ በር ሜካኒክ)፦
አረፋ ከመጣና ከተከፈተ ደግሞ ቴስታታውን ዝም ብሎ አስላጭቶ መግጠም የለም። በባልቦላዎቹ (ቫልቮቹ) መካከል ስንጥቅ ይፈተሽ። የቴስታታውን ፊት ቀጥ ባለ ብረትና በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለኩ ስስ ብረቶች) ለካ፤ ከ0.20 ሚሊሜትር በላይ ከጎበጠ ወደ ቶርኖ (ብረት ወደሚላጭበት ማሽን ቤት) ይሄዳል፣ ከተላጨ በኋላ የቅድመ ቃጠሎ ክፍሎቹ ከቴስታታው ፊት ምን ያህል እንደወጡ ይለካ። ጓርኒሲዮኑ በሦስት ውፍረት ይመጣል፤ ቢ፣ ዲ እና ኤፍ የሚል ፊደል አለበት። የሚመረጠው ፒስተኑ ከብሎኩ በላይ በሚወጣበት ልክ ነው፤ ባለ ሱቁ «ሁሉም አንድ ነው» ቢልህ አትቀበለው። የቴስታታውን ቡሎኖች ከመሐል ወደ ዳር እሰር፦ በ78 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያ 90 ዲግሪ፣ እንደገና 90 ዲግሪ።

አረፋ ከሌለ ክዳን፣ ቴርሞስታትና ቬንትሌተር ቀይር። ውሃውን ስትሞላ የመኪናውን ፊት ሽቅብ አቁመህ፣ የውስጥ ማሞቂያውን ሙሉ ከፍተህ፣ የታችኛው ማኒኮቶ እስኪሞቅ አስነስተህ ጠብቅ። ከዚያ ደንገጎን በሦስተኛ ማርሽ፣ ኤሲ አጥፍተህ ሞክረው። ቀስቱ ከተነሳ ማሞቂያውን ክፈት፣ ዳር ያዝ፣ ሞተሩን ወዲያው ሳታጠፋ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጥ) አቆየው፤ ውሃው ካለቀ ወይም እንፋሎት ከወጣ ግን ወዲያው አጥፋ። ክዳኑን ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት አትንካ።