የሕፃናት ማቆያዬን ሊያዩት ነው፤ ወረቀቱን ላስቀድም ወይስ ቤቱን?

ጠያቂ (ቦሌ አራብሳ)፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። አራብሳ ውስጥ ግቢ ያለው ባለ ሦስት ክፍል ቤት ተከራይቼ የሰፈር ልጆች እይዛለሁ። መጀመሪያ የያዝኩት የጎረቤቴን ልጅ ነበር፤ እሷ ለጓደኛዋ ነገረች፣ ጓደኛዋ ለሌላ ነገረች፣ አሁን ዘጠኝ ደርሰዋል። ትንሹ አምስት ወሩ ነው፣ ትልቋ ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። የእናቶቹ ሥራ መሃል ከተማ ስለሆነ ገና በጠዋት አስረክበውኝ ወደ አውቶቡስ ሰልፍ ይሮጣሉ። ማታ መንገድ ከተጨናነቀ አንድ ሰዓት አልፎ ነው የሚመጡት። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ልጅ አለች።

በቀደም ከወረዳ ሰዎች መጥተው «ያለ ፈቃድ አይቻልም፣ ብቃት ማረጋገጫ አውጪ፣ ተመልሰን ቤቱን እናየዋለን» ብለውኝ ሄዱ። በጨዋ ደንብ ነው ያናገሩኝ። ከዚያ ወዲህ ግን እንቅልፍ የለኝም። ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ የሚል አንድ ሰው ደግሞ «የምልሽን ክፈይኝ፣ ቤትሽን ማንም ሳያየው ወረቀቱ እጅሽ ይገባል» አለኝ። ያለኝ ገንዘብ ትንሽ ነው። ልጆቹም እንዲበተኑብኝ አልፈልግም። ወረቀቱን ላስቀድም ወይስ ቤቱን? ቤቱን ከሆነስ ከየት ልጀምር? የምታውቁ እባካችሁ።

ማቆያ አለኝ (ሰሚት)፦

እህቴ፣ ያንን ሰውዬ እርሺው። ቤቱ ሳይታይ የመጣ ወረቀት አንድ ልጅ የተጎዳ ዕለት ምንም አያደርግልሽም፣ እንዲያውም ሐሰተኛ ሰነድ ሆኖ ሌላ ጣጣ ያመጣብሻል። ደግሞ የሚያዩት ነገር ለልጆቹ የሚጠቅም ነው። ይዩት።

መንገዱ እንዲህ ነው። ማቆያ ብቻ ከሆነ የምትጀምሪው ከሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ነው። ኬጂ ከሆነ ግን ጉዳዩ የትምህርትና ሥልጠና ጥራት ባለሥልጣን ነው፣ መስፈርቱም ሌላ ነው። ስለዚህ ገና ስትገቢ «ማቆያ ነው» በዪ፤ በሩ ላይም «ኬጂ» የሚል ነገር እንዳትለጥፊ። ወላጅ ይስብልኛል ብሎ የሚለጥፍ ሰው ሁለት መሥሪያ ቤት መሃል ሲንገላታ አይቻለሁ። ብቃት ማረጋገጫው ሲወጣልሽ ቲን ቁጥርና ንግድ ፈቃድ ይከተላል። ንግድ ፈቃድ በየዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ያለ ቅጣት ይታደሳል፤ ከዚያ ካለፈ በቅጣት ነው።

መጀመሪያ የምታደርጊውን ልንገርሽ። ወረዳ ሂጂና መመሪያውን፣ ባለሙያዎቹ ይዘውት የሚመጡትን ቼክሊስትም ጠይቂ። ኮፒ ከሌለ በስልክሽ አንሺው። ክፍሉ ስንት ካሬ ይሁን፣ አንድ ሞግዚት ስንት ልጅ ትያዝ የሚለውን ከወረቀቱ ላይ አንብቢው እንጂ ከሰው አፍ አትውሰጂ። አንዱ የሰማውን ለሌላው ሲነግር ቁጥሩ ይቀያየራል። ሌላው የኪራይ ውልሽ ነው። ቤቱ ለሕፃናት ማቆያ እንደሚውል አከራይሽ ተስማምቶ ውሉ ላይ ይጻፍ። ይኼ ሳይያዝ ግድግዳ ማፍረስና ሴራሚክ ማንጠፍ ውስጥ እንዳትገቢ፣ ብሩ የአከራይሽ ሆኖ ይቀራል።

ወረቀቱ ወይስ ቤቱ ላልሽው፣ ጎን ለጎን ነው። ልጆቹ ግን ነገም ይመጣሉ፤ ስለዚህ ሕይወት የሚያጠፋውን ነገር ዛሬውኑ ከቤቱ አውጪ። ቀለምና አሻንጉሊት በኋላ ይደርሳል።

ለገጣፎ ነኝ፦

አጭር ነገር ልጨምር። እኛ ጋ ያሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት የት እንደሚያመለክቱ ነው። የዳር ሰፈር ጣጣ ነው፤ አንዱ መንገድ አዲስ አበባ፣ ማዶው ሸገር ከተማ ወይም ሌላ የኦሮሚያ አስተዳደር ይሆናል። ሸገር ከሆነ የምታመለክቱት ለኦሮሚያ መዋቅር ነው፣ የአዲስ አበባ ቼክሊስት አይሠራም። ጠያቂዋ አራብሳ ስለሆነች ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ናት፣ ግልጽ ነው። ሌሎቻችሁ ግን ቤት ከመከራየታችሁ በፊት ካርታው የየትኛው አስተዳደር እንደሆነ አረጋግጡ።

የኤሌክትሪክ ባለሙያ፦

እኔ ማቆያና ኬጂ ቤቶች ውስጥ መስመር ዘርግቻለሁ። ሰው ሁሉ የእሳት ማጥፊያ ገዝቶ ግድግዳ ላይ ይሰቅልና የጨረሰ ይመስለዋል። እኔ መጀመሪያ የማየው በሩንና መስኮቱን ነው።

እኛ አገር መስኮት ሁሉ ለሌባ ተብሎ በብረት ታስሯል። ሌባ አይገባም፣ ልጅም አይወጣም። የልጆቹ መኝታ ክፍል በሩ አንድ ብቻ ከሆነና ያ በር የሚወጣው በኩሽና በኩል ከሆነ፣ እሳት ኩሽና ውስጥ ሲነሳ ልጆቹ መውጫ የላቸውም። ስለዚህ ወይ መኝታውን ወደ ውጭ በር ወዳለው ክፍል አዛውሪ፣ ወይ ብረት ሠራተኛ ጠርተሽ የአንዱን መስኮት ብረት በማጠፊያ ከውስጥ የሚከፈት አስደርጊው። ክፍሎቹን ማቀያየር ብር አይፈጅም፣ ከዚያ ጀምሪ። የግቢው በር በቁልፍ የሚዘጋ ከሆነ ቁልፉ አንቺ ኪስ ውስጥ አይሁን። በሩ አጠገብ፣ ልጅ የማይደርስበት ከፍታ ላይ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይሰቀል። አብራሽ የምትሠራውም ዓይኗን ጨፍና ታግኘው።

ምጣድ ካለሽ ራሱን የቻለ መስመር ከቆጣሪው ይሳብለት። ምጣድና ስቶቭ በአንድ ዲቫይደር ሰክቶ መጋገር ገመዱን አግሎ ያቃጥለዋል። ኦቶማቲኩ ደጋግሞ የሚወርድ ከሆነ የሆነ ነገር እየነገረሽ ነው፤ በትልቅ አትቀይሪው፣ ባለሙያ ጥሪ። ወለል አጠገብ ያሉ ሶኬቶች ሁሉ ይከደኑ። ሲሊንደር ካለሽ ከቤት ውጭ፣ ከልጆች መጫወቻ የራቀ ይሁን።

ማጥፊያው ደረቅ ዱቄት ይሁን፣ ለኤሌክትሪክ እሳትም ስለሚሆን። የጌጁ (የግፊት መለኪያው) ቀስት አረንጓዴው ላይ መሆኑን በየወሩ እዪ። ግድግዳ ላይ በትልቁ 939 ብለሽ ጻፊ፣ የእሳትና አደጋ ስልክ ነው። ከሥሩ ደግሞ የሰፈርሽን ስም፣ መታጠፊያውን፣ ሁሉም የሚያውቀውን ምልክት ጻፊ። የኛ ዳር ሰፈር የቤት ቁጥር አያስገኝም፤ ሰው ሲደነግጥ ደግሞ ገዛ ቤቱ የት እንደሆነ ማስረዳት ያቅተዋል።

ከዚያ ሞክሩት። አንድ ቀን ልጆቹ ተኝተው ሳለ አንቺና ልጅቷ ዘጠኙንም ይዛችሁ ግቢ በር ድረስ ለመውጣት ስንት ደቂቃ ይፈጅባችኋል? መሄድ የማይችሉት ስንት ናቸው? አንድ ሰው ስንቱን ያቅፋል? የሠራተኛ ቁጥር ጉዳይ ያን ጊዜ ይገባሻል።

ሲስተር ነኝ (ጤና ጣቢያ)፦

የላይኛው ወንድሜ እሳቱን በደንብ ስላነሳው እኔ ስለ ቀሪው ልናገር።

ውኃ። አራብሳ ውኃ በተራ ስለሚመጣ ቤት ሁሉ በርሜልና ባልዲ ሞልቶ ያስቀምጣል። መራመድ የጀመረ ልጅ ባልዲ ውስጥ በጭንቅላቱ ከተደፋ በጣት በሚለካ ውኃም ይሰምጣል፣ ራሱን ቀና ማድረግ አይችልም። ድምፅም አያሰማም። ስለዚህ ሁሉም ክዳን ይኑረው፤ ያጠባችሁበት ባልዲ ወዲያው ይደፋ። የመፀዳጃ ጉድጓዱንም ክዳን እዪው። ቆርቆሮ ብቻ ጣል ተደርጎበት ከሆነ እሱ ክዳን አይባልም፣ በኮንክሪት ይዘጋ።

በረኪና። በሀይላንድ ተቀድቶ የሚሸጠውን ማለቴ ነው። ልጅ የሚያውቀው ሀይላንድ ውስጥ የሚጠጣ ነገር እንዳለ ብቻ ነው። ከፍ ያለና የሚቆለፍ ቦታ ይቀመጥ፣ ጋዝም መድኃኒትም እንዲሁ። ከጠጣ በግድ አታስመልሱት፤ ጉሮሮውን መልሶ ያቃጥለዋል። ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ።

ምግብ ላይ፣ ቆሎና ለውዝ ግቢው ውስጥ አይግባ። ከአራት ዓመት በታች ያለ ልጅ በደንብ አያኝከውም፣ አየር ቧንቧ ውስጥ ይገባበታል። የታነቀው ከዓመት በታች ከሆነና ማልቀስም ማሳልም ካቃተው፣ ክንዳችሁ ላይ በሆዱ አስተኝታችሁ፣ ራሱ ዝቅ ብሎ፣ በትከሻዎቹ መሃል በመዳፍ አምስት ጊዜ ምቱት። ካልወጣ ገልብጣችሁ ደረቱ መሃል በሁለት ጣት አምስት ጊዜ ተጫኑ። የማታዩትን ነገር በጣት አትፈልጉ፣ ወደ ውስጥ ይገፋል። ይኼ በጽሑፍ ብቻ የሚለመድ አይደለም። ቀይ መስቀል የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ሥልጠና ይሰጣል፣ ሁለታችሁም ውሰዱ። የአምቡላንሳቸው ስልክ 907 ነው።

የአምስት ወሩ ልጅ ያሳስበኛል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ በ1156/2011፣ እናት ከወለደች በኋላ የምታገኘው ፈቃድ 90 ቀን ነው። ሕፃን ደግሞ ጡት ብቻ መጥባት ያለበት ስድስት ወር ነው። መሃል ያለውን ጊዜ የምትሸከሚው አንቺ ነሽ። እናትየው የጡት ወተቷን አልባ ታምጣልሽ። ጡጦው ላይ የልጁ ስምና የታለበበት ሰዓት ይጻፍ። ከፍሪጅ ውጭ አራት ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ አራት ቀን ይቆያል። ጠብቶ የተረፈው ግን ለማታ አይቀመጥም። ሲተኛ በጀርባው፣ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስ፣ ፊቱ ሳይሸፈን። ብርድ ነው ተብሎ ጋቢ እስከ ግንባሩ የሚሳብለት ልጅ ብዙ ነው፤ ተዉት፣ ልብስ ደርቡለት እንጂ ፊቱን አትሸፍኑ።

የክትባት ካርድ ኮፒ ከሁሉም ተቀበዪ። ኩፍኝ በ9 እና በ15 ወር ነው የሚሰጠው። አንድ ያልተከተበ ልጅ ካለ ሌሎቹም ላይ አደጋ ነው።

የሁለት ልጆች አባት (የካ አባዶ)፦

እንደ ወላጅ ልናገር። እኔ ማቆያ ስመርጥ ፈቃዱ ግድግዳ ላይ መሰቀሉን አያለሁ፣ ከዚያ ግን መዝገቡን ነው የምጠይቀው። ልጁ ስንት ሰዓት ገባ፣ ማን አስረከበ፣ ማን ወሰደ፣ ፊርማ። ማን እንዲወስድ እንደተፈቀደለት በስምና በስልክ አስቀድሞ ይጻፍ። «አጎቱ ነኝ» ብሎ የመጣ ሁሉ ልጅ ተሸክሞ አይሄድም፤ ዝርዝሩ ላይ ከሌለ ደውዪ፣ እናትየው ስልክ ካላነሳች ልጁ ይቆያል። ሰውየው ቢቆጣም ይቆጣ።

ወድቆ ግንባሩ ያበጠ ልጅም ሰዓቱና ምን እንደተደረገለት ይጻፍና ያው ዕለት ለወላጅ ይነገር። እኔን የሚያስከፋኝ እብጠቱ አይደለም፤ ማታ ልብስ ሳወልቅለት ራሴ ማግኘቴ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ። አብራሽ ለምትሠራው ልጅ አስረጂያት፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 በትምህርት ቤትም በሕፃናት ማሳደጊያም ልጅ አካሉን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ ነው ይላል። ቁንጥጫም ቅጣት ነው። «እኛም ተቆንጥጠን ነው ያደግነው» የሚለው ማቆያ ውስጥ አይሠራም። ወላጅም በፈለገ ሰዓት መጥቶ ማየት ይችል።

ጠያቂ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። መኝታውን ዛሬውኑ ወደ ፊተኛው ክፍል አዛወርኩት፣ የውጭ በር አለው። ሁለት ነገር ልጠይቅ። መብራት ሲጠፋና ብርድ ሲሆን ከሰሉን ውጭ አያይዤ፣ ጭሱ ጠፍቶ ፍም ሲሆን ነው የማስገባው። ይኼ ችግር አለው? ደግሞ ሌላ ሞግዚት ልጨምር ብል ክፍያውን ከየት ላምጣው?

ሲስተር ነኝ (ጤና ጣቢያ)፦

አታስገቢው፣ በፍጹም። የሚገድለው የሚታየው ጭስ አይደለም። ቀይ ፍሙ ራሱ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ያወጣል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። በር ተዘግቶ የተኙ ልጆች ሳይነቁ ይቀራሉ። «ጭሱ ወጥቷል» ተብሎ የገባ ፍም ነው ሰውን የሚጨርሰው። ክፍሉ ከቀዘቀዘ ልብስና ብርድ ልብስ ጨምሪ፣ ምንጣፍ አንጥፊ። ከሰሉ ምግብ ማብሰያ ብቻ ይሁን፣ ከቤት ውጭ፣ ልጅ በማይደርስበት።

ማቆያ አለኝ (ሰሚት)፦

ለሁለተኛው ጥያቄሽ፦ ወላጆቹን አንድ እሑድ ሰብስቢያቸው። ቼክሊስቱን አሳዪያቸው፣ የሠራሽውን አሳዪያቸው፣ የቀረውንም አትደብቂ። ሦስተኛ ሰው ለመቅጠር ስንት እንደሚያስፈልግ ለዘጠኝ አካፍለሽ በግልጽ ንገሪያቸው። ይኼን ያህል ስትለፊ ያየ ወላጅ ሊጨምርልሽ ይችላል። የማይችል ካለም ለብቻው ተነጋገሩ። አዲሷ ሠራተኛ ስትመጣ ከመጀመሪያው ቀን በፊት የጤና ምርመራ፣ ከወንጀል ነፃ የሆነችበት ማስረጃና ተያዥ ይኑራት። አሁን አብራሽ የምትሠራውም እነዚህ ከሌሏት ታምጣ።

ባለሙያዎቹ ሲመጡ ደግሞ አብረሻቸው ዙሪ። ጉድለት ካሉሽ ምን እንደጎደለና እስከ መቼ ማስተካከል እንዳለብሽ በጽሑፍ እንዲሰጡሽ ጠይቂ፣ ፈርመሽ ኮፒውን ያዢ። ሌላ ባለሙያ ቢመጣ ከዚያው ላይ ይቀጥላል። ወረዳ ሄደሽ ቼክሊስቱን ስታገኚ እዚህ ለጥፊልን፣ አብረን እናየዋለን።