በ300 ዶላር የሚበረክት የአስፋልት ብስክሌት፦ ፍሬሙ ላይ ምን ይታያል?

ጥያቄ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ሰላም ወገኖች። በሳምንት አምስት ቀን ዲሲ መሃል ድረስ ለሥራ የምመላለስበት ቀጭን ጎማ ያለው ብስክሌት እፈልጋለሁ። መንገዱ ለአንድ ጉዞ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በብርዱም ወራት አላቆምም። ያለኝ 300 ዶላር ነው፣ መብራትና ቁልፍ ሳይጨምር። ክብደቴ 85 ኪሎ ነው። ገበያው ላይ ብረትም አሉሚኒየምም አለ፣ አልፎ አልፎ ካርቦንም አያለሁ። ዓመታት የሚያገለግለኝ የቱ ነው? ስገዛስ ምኑን ልይ?

መልስ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ወንድሜ፣ በዚህ ገንዘብ ፍሬም ለብቻው ገዝተህ ዕቃ አትገጣጥም። ጎማው፣ ማርሹና ፍሬኑ ተለቃቅሞ ሲደመር ከሙሉ ብስክሌት ይበልጥብሃል። ያገለገለ ሙሉ ብስክሌት ግዛ፣ ስትመርጥ ግን ዓይንህ ፍሬሙ ላይ ይሁን፤ ሌላው ሁሉ ይቀየራል። ከ300ው ደግሞ ቢያንስ 100 ዶላር ለካቴና፣ ለጎማ፣ ለኬብልና ለፍሬን ጎማ አስቀር።

ለአንተ የምመክረው ክሮሞሊ፣ ማለትም ክሮምና ሞሊብዲነም የተቀላቀለበት ጠንካራ ብረት ነው። ቱቦው ላይ በተለጠፈው ወረቀት «4130»፣ «ክሮሞሊ»፣ ወይም የታወቁ ቱቦ ሠሪዎችን ስም፣ «ሬይኖልድስ 531»፣ «ታንጌ» ወይም «ኮሎምበስ» የሚል ፈልግ። «ሃይ ቴንሳይል» የሚለው ብረት አይሰበርም፣ ነገር ግን ቱቦው ወፍራም ስለሆነ ይከብዳል። ወረቀቱ ከተላጠ የኮርቻውን ዘንግ አውጥተህ ከታች የተቀረጸውን ቁጥር አንብብ። የድሮ ብረት ፍሬም የመቀመጫ ቱቦ የውጭ ስፋቱ በአብዛኛው 28.6 ሚሊ ሜትር ነው። ዘንጉ 27.2 ከሆነ የቱቦው ግድግዳ ቀጭን ነው ማለት ነው፣ ጥሩ ብረት ነው። 25.4 ወይም 25.8 ከሆነ ወፍራምና ርካሽ ብረት ነው።

ዘንጉን ማውጣት ለሌላም ነገር ይጠቅማል። ሻጩ ብሎኑን አላልቶ ዘንጉን ፊትህ ያዙር፤ ካልዞረ አትክፈል። የአሉሚኒየም ዘንግ ያለ ግሪስ ብረት ውስጥ ዓመታት ሲቀመጥ ሁለቱ ብረቶች እርጥበት ባለበት ይበላላሉ፣ ተጣብቀውም ይቀራሉ። እሱን ለማስለቀቅ የሚጠየቀው የእጅ ዋጋ ከብስክሌቱ ሊበልጥ ይችላል። ዘንጉ ከወጣ በስልክህ መብራት ወደ ውስጥ ተመልከት። ቡናማ ብናኝ ያለበት ቱቦ አያስፈራም። ብስክሌቱን ገልብጠህ ስትነቀንቀው ቅርፊት የሚረግፍ ከሆነ ግን ተወው። ውሃ የሚጠራቀመው ፔዳሎቹ የተያያዙበት ዘንግ በሚያልፍበት ቤት ስለሆነ ከሥሩ ቀለሙ ያበጠበትን ቦታ በካቻቪቴ ጫፍ ጫን ብለህ ፈትሽ፤ ከገባ ብረቱ አልቋል።

ግጭት የደረሰበትን ለመለየት የታችኛውን ሰያፍ ቱቦ ከመሪው ቱቦ ጋር ከሚገናኝበት ወደ ኋላ ሁለትና ሦስት ጣት ያህል ርቀት ላይ በጣትህ ዳብሰው። ከሥሩ እብጠት ወይም የቀለም መጨማደድ ካለ ፊት ለፊት ተጋጭቷል። በጎን ቆመህም ፎርኩን፣ ማለትም የፊት ጎማውን የያዘውን ሹካ እይ፦ ቀጥ ያለው የላይኛው ክፍሉ ከመሪው ቱቦ ጋር በአንድ መስመር መሆን አለበት፤ ወደ ኋላ ካዘነበለ ታጥፏል።

ክር ይዘህ ብትሄድ ደግሞ ጥሩ ነው። ከኋላ ጎማ መያዣው ቀኝ ጆሮ ጀምረህ በመሪው ቱቦ ዞሮ ወደ ግራው ጆሮ እንዲመለስ ወጥረህ እሰረው። ከዚያ ከክሩ እስከ መቀመጫው ቱቦ ያለውን ርቀት በሁለቱም ጎን ለካ። 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ልዩነት ምንም አይደለም፤ 4 እና 5 ከሆነ ፍሬሙ ተጣሟል።

መልስ፣ ከሚኒያፖሊስ

ልጄ፣ ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፣ አንድ ነገር ግን ልጨምርልህ። ብረት ይጠገናል እየተባለ የሚነገረው አገር ቤት ብየዳ ቤት ደጃፍህ ላይ ስላለ ነው። እዚህ የአንድ ቱቦ ቅያሪ ሌላ ያገለገለ ብስክሌት ይገዛል። ያ ቀጭን ክሮሞሊ ደግሞ ግድግዳው መሃሉ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ስለማይሞላ፣ ያልለመደ እጅ በኤሌክትሪክ ቢነካው ይበሳል። ስለዚህ ብረትን «ይጠገናል» ብለህ ሳይሆን ቶሎ ስለማይሰበርና ሊሰነጠቅም ሲል አስቀድሞ ምልክት ስለሚሰጥ ግዛው።

የብረት ጠላቱ ለበረዶ የሚበተነው ጨው ነው። ክረምት የምትነዳ ከሆነ በየሳምንቱ ለብ ባለ ውሃ ያለ ኃይል አጥበው፤ ኃይለኛ የውሃ ግፊት ኩሽኔታ ውስጥ ገብቶ ግሪሱን ያጥባል። ከመጀመሪያው በረዶ በፊት ኮርቻውን አውጥተህ ፀረ ዝገት ቅባት ወይም የተቀቀለ የተልባ ዘይት ቱቦዎቹ ውስጥ አፍስስና ፍሬሙን እያገላበጥክ አንድ ሌሊት አሳድረው። ዘይቱን የምትጠርግበትን ጨርቅ ዘርግተህ አድርቀው፤ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል።

ይህን የማትሠራ ከሆነ አሉሚኒየም ግዛ እንጂ ብረት ላይ ሙጭጭ አትበል። 6061 ወይም 7005 የሚል የአሉሚኒየም ቅይጥ ቁጥር የተጻፈበት ደህና ፍሬም ጨው እንደ ብረት አያዝገውም። ድክመቱ ሌላ ነው፤ በየጉድጓዱ የሚደርስበት ጫና እየተጠራቀመ ይሄድና ከብየዳው ጠርዝ ይሰነጠቃል። ስትገዛ የመሪውን ቱቦ ብየዳ፣ የፔዳል ቤቱን ዙሪያና የኮርቻ መቆለፊያውን ስንጥቅ በጨርቅ ጠርገህ እይ። ቀለሙ ላይ ፀጉር የመሰለ ጥቁር መስመር ካየህ ጥጥ አስኪድበት፤ ጥጡ ከተያዘ ስንጥቅ ነው። 6061 በየመንገዱ አይበየድም፤ ከብየዳ በኋላ በልዩ ሙቀት ካልታከመ ዙሪያው ይለሰልሳል።

ያገለገለ ካርቦን በ300 ዶላር ከማያውቁት ሰው አይገዛም። የውስጥ ጉዳቱ ከላይ ላይታይ ይችላል።

መልስ፣ ከለንደን

ጋሼ የጻፉትን ሁሉ እቀበላለሁ፤ የተረሳው የዕቃ ልክ ነው። ለኪስ የሚበረክት ፍሬም ማለት ርካሽ ዕቃ በየሱቁ የሚገኝለት ነው። የፔዳል ቤቱ በእንግሊዝ ልክ የብሎን ጥርስ የተሠራ፣ ስፋቱ 68 ሚሊ ሜትር የሆነውን ፈልግ። ኩሽኔታው በጥርስ ሳይሆን በግፊት የሚገባባቸውን አዳዲስ ፍሬሞች ተጠንቀቅ፣ በትክክል ካልተሠሩ ያንቋርራሉ፤ መቀየሪያ መሣሪያውም ለብቻው ወጪ ነው።

በኋላ ጎማ መያዣው ሁለት ጆሮዎች መካከል ያለውንም ርቀት ለካ። 130 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከ8 እስከ 11 ማርሽ ያላቸው የተለመዱ ጎማዎች ይገቡለታል። 126 ከሆነ የ6 ወይም የ7 ማርሽ ዘመን ነው፤ ፍሬሙ ብረት ከሆነ በእያንዳንዱ ጎን 2 ሚሊ ሜትር ማስፋት ይቻላል። አሉሚኒየምና ካርቦን ግን በጭራሽ አይለጠጡም።

የድሮ ብስክሌት ቸርኬ 27 ኢንች ከሆነ ከዛሬው 700 ይበልጣል፦ 630 እና 622 ሚሊ ሜትር ናቸው። 700 ልትገጥምለት ከፈለግህ የፍሬኑ ጎማ 4 ሚሊ ሜትር ወደ ታች መውረድ መቻሉን አስቀድመህ አረጋግጥ። የሚያብረቀርቅ የብረት ቸርኬ ያለው ከሆነ ደግሞ አሉሚኒየም ቸርኬ የምትቀይርበትን ገንዘብ ከዋጋው ላይ አስቀንስ። ዝናብ ሲነካው ፍሬን አይይዝም፣ በዚህ ቀልድ የለም።

ከመክፈልህ በፊት ከፔዳል ቤቱ ሥር የተመታውን ቁጥር አንብብ። የተሰረቀ መሆኑ አሜሪካ ባይክ ኢንዴክስ፣ እዚህ እንግሊዝ ባይክ ሬጂስተር በሚባሉት የብስክሌት መዝገቦች ላይ በነፃ ይፈተሻል። ቁጥሩ የተፋቀ ከሆነ ጥለህ ሂድ፤ የመኖሪያ ወረቀቱ ገና ያላለቀ ሰው በተሰረቀ ዕቃ ስሙ መነሳት የለበትም።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት አግኝቻለሁ፤ ሁለቱም ብረት ናቸው። የ1970ዎቹ ፔጆ በ120 ዶላር፣ የ1980ዎቹ ኒሺኪ በ180 ዶላር። ፔጆው ቀለሙ ያምራል። የውስጥ እግሬ ቁመት 82 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ልኬስ ስንት ነው?

መልስ፣ ከአሌክሳንድሪያ

ፔጆው ይቅርብህ። የዚያ ዘመን ፔጆ በአብዛኛው የፈረንሳይ ልክ ነው፤ የፔዳል ቤቱ ጥርስ 35 በ1 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የተለመደው አይገባለትም። የመሪው ምሰሶም 22.2 ሳይሆን 22.0 ነው፣ የኮርቻው ዘንግም እንዲሁ ያልተለመደ ልክ ነው። አንድ ኩሽኔታ ሲያልቅ ዕቃ ፍለጋ ትንከራተታለህ።

ኒሺኪውን ሂድና እይ። ኩሽኔታውን በያዘው ቀለበት ላይ «1.37 በ24» የሚል ከተቀረጸ የእንግሊዝ ልክ ነው። ስትፈታው አስታውስ፣ በካቴናው በኩል ያለው ጥርስ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው።

ልክህን ለማወቅ 82ን በ0.67 አባዛ፣ 55 ይመጣል፤ ከፔዳል ቤቱ መሃል እስከ ላይኛው ቱቦ የሚለካ ነው። 54 ወይም 56 ቢሆንም ይሆንሃል። የኮርቻህ ከፍታ ደግሞ 82 በ0.883፣ 72.4 ሴንቲ ሜትር ያህል፤ ከዚያ ጀምረህ አስተካክል።

ካቴናውን በኢንች ማስመሪያ ለካው። ከአንድ ፒን መሃል ተነስተህ ቀጥሎ እስካለው 24ኛ ፒን መሃል በትክክል 12 ኢንች መሆን አለበት። በአንድ አሥራ ስድስተኛ ኢንች ከረዘመ ካቴናውን ብቻ ቀይር፤ በአንድ ስምንተኛ ከረዘመ የኋላ ጥርሶቹም አብረው አልቀዋል፣ ከ180ው አስቀንስ። ጎማው ካረጀ ቸርኬው የሚቀበለውን መጠን አይተህ ግዛ፤ ቸርኬው 700 ከሆነና ፍሬሙ ቦታ ካለው ለ85 ኪሎ ሰው 28 ወይም 32 ሚሊ ሜትር ስፋት ይሻላል። ለጭቃ መከላከያ ብሎን መግቢያ ቀዳዳ መኖሩንም እይ፣ ክረምት ያስፈልግሃል።

ብቻህን መፈተሽ ከከበደህ አሌክሳንድሪያ ያለው ቬሎሲቲ የብስክሌት ኅብረትና አርሊንግተን ያለው ፊኒክስ ባይክስ ለትርፍ የማይሠሩ የብስክሌት ቤቶች ናቸው፤ እንዲያዩልህ ጠይቃቸው። ከመሄድህ በፊት የሥራ ሰዓታቸውን ጠይቅ።