ለአይላንድ ፒክ ስለማመድ በወፍራም ጓንት ጁማር (በገመድ ላይ ወደ ላይ ብቻ የሚንሸራተት መያዣ) ማሻገር አቃተኝ፣ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። በኔፓል ኩምቡ አካባቢ የወጣችሁ ወይም ሰው የመራችሁ ካላችሁ ምክራችሁን እፈልጋለሁ። ዕቅዱ ከመሪ ጋር አይላንድ ፒክ (6,189 ሜትር) መውጣት ነው። የከፍታው መላመድ አያሳስበኝም፤ ናምቼ (3,440) እና ዲንግቦቼ (4,410) ላይ ሁለት ሁለት ሌሊት አለ።

የቸገረኝ ከጫፉ በታች ያለው ቀጥ ያለ የበረዶ ግድግዳ ነው። ገመዱ በተቸነከረበት ቦታ ሁሉ መጀመሪያ የደህንነት ካራቢነሩን (የሚከፈትና የሚዘጋ የብረት ቀለበት) ከችንካሩ በላይ ማሰር፣ ከዚያ ጁማሩን ነቅሎ ወደ ላይ ማሻገር ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሰው ለቅጽበት ያለ ምንም ማሰሪያ ይቀራል። በስስ ጓንት ልምምዱ ይሠራል። አራቱን ጣቶች በአንድ በሚያቅፈው ወፍራም ጓንት ግን ገመዱን የሚነክሰው የጁማሩ ምላስ አይከፈትልኝም። ጉዞው ከሌሊቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ስለሚጀመር ደግሞ ጓንት ማውለቅ ለጣት አደገኛ ነው።

ከውስጥ ስስ ጓንት አድርጎ ወፍራሙን በክር ከእጅ አንጓ ጋር ማሰር ይበቃል? ወይስ ምላሱ ላይ አጭር ገመድ ልሰርበት? ጁማሩን ከሃርነሱ (ወገብና ጭን ላይ ከሚታሰረው ቀበቶ) ጋር የሚያያይዘው ገመድስ ምን ያህል ይርዘም? ከክንዴ ከበለጠ ተንጠልጥዬ ልደርስበት አልችልም።

መውረጃውም ያስጨንቀኛል። ስምንት ቅርጹ የመውረጃ ብረት ገመድ ሲገባበት ከካራቢነሩ ስለሚወጣ በቀላሉ ከእጅ ያመልጣል፤ ከታች ሰው ከተንጠለጠለ ደግሞ የተወጠረው ገመድ አይገባም። በዚያ ቦታ ምን ትጠቀማላችሁ?