የእግር ደም ቅዳ ዶፕለር፦ ሁለት ምርመራ፣ ሁለት ውጤት

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። አባቴ የ67 ዓመት ሰው ሲሆኑ ስኳር ከያዛቸው 15 ዓመት አልፏቸዋል። ኮምቦልቻ ሜዳ ሜዳውን ደኅና ይሄዳሉ፤ ደሴ እኅቴ ቤት ሲወጡ ግን ዳገቱ ላይ የግራ ባታቸውን ጭብጥ አድርጎ ይይዛቸውና ቆም ሲሉ ይለቃቸዋል። ደሴ ዳገቱን በእግራቸው ወጥተው ወዲያው በዶፕለር አልትራሳውንድ (የደም ፍሰትን በድምፅ ሞገድ በሚያሳየው ምርመራ) ሲታዩ ሁለቱም እግሮች «ሞኖፌዚክ» ተብለው ተጻፉ። ከቀናት በኋላ ኮምቦልቻ አርፈው ሲታዩ ግን ቀኙ «ትራይፌዚክ»፣ ግራው «ሞኖፌዚክ» ሆነ። የትኛውን እንመን? ምስሉ ላይ ያሉት ቀይና ሰማያዊስ ንጹሕና ያልተጣራ ደም ማለት ናቸው?

መልስ 1፣ የራዲዮሎጂ ባለሙያ፣ ደሴ፦

ሁለቱም ውጤቶች ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ባረፈ ሰው እግር ውስጥ ደሙ ልብ ሲኮማተር ወደ ፊት ይወነጨፋል፤ በጡንቻው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሥሮች ጠበብ ብለው ስለሚቋቋሙት ለቅጽበት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከዚያም በመጠኑ እንደገና ወደ ፊት ይፈስሳል። ትራይፌዚክ የሚባለው ይህ ባለ ሦስት ምዕራፍ ሞገድ ነው። ዳገት የወጣ ጡንቻ ግን ብዙ ደም ስለሚፈልግ ጥቃቅኖቹ ሥሮች ይከፈታሉ፣ ወደ ኋላ የሚመለሰው ክፍል ይጠፋል፣ ጤነኛ እግር እንኳ ለጊዜው ሞኖፌዚክ (ባለ አንድ ምዕራፍ) ይሆናል። አባትዎን አስቀድመው አሳርፈዋቸው ቢሆን ኖሮ ይህ ግራ መጋባት ባልመጣ ነበር።

ስሙ ብቻውን ፍርድ አይደለም፤ እኔ መጀመሪያ የማየው የሞገዱን አወጣጥ ነው። ከእንቅስቃሴ በኋላ የሚታየው ሞኖፌዚክ እንደ ጦሳ ተራራ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ጥበት ያለፈ ደም ግን ጉልበቱ ስለሚደክም ቀስ ብሎ ወጥቶ እንደ ዝቅተኛ ጉብታ ይደበዝዛል። ግራው አርፈውም ሳለ እንደዚያ ከሆነ፣ ከተለካው ቦታ በላይ ጥበት አለ ብሎ ማሰብ ይገባል።

መልስ 2፣ ነርስ፣ ኮምቦልቻ፦

ወንድሜ፣ ቀለሙ ስለ ደሙ ንጽሕና የሚናገረው ነገር የለም። በተለመደው አሠራር ወደ መመርመሪያው የሚመጣው ደም በቀይ፣ ከእርሱ የሚርቀው በሰማያዊ ይታያል፤ ባለሙያው በአንድ ቁልፍ ሊገለብጠውም ይችላል። ስለዚህ ደም ቅዳ ሰማያዊ፣ ደም መልስ ቀይ ሆኖ ቢታይ አይደንግጡ።

ጠያቂው፦

እግዜር ይስጥልኝ። የኮምቦልቻውን ወረቀት ሳየው በግራ የጭን ደም ቅዳ ላይ «ከጥበቱ በላይ 80፣ በጥበቱ ላይ 260 ሴንቲሜትር በሰከንድ» ይላል። ፍጥነት መጨመሩ ጥሩ አይደለም?

መልስ 1፣ በድጋሚ፦

በጠባብ ቱቦ የሚያልፍ ውኃ እንደሚፈጥን ሁሉ ደሙም የፈጠነው ስለ ጠበበበት ነው። በጥበቱ ላይ ያለው ከፍተኛ ፍጥነት ከበላዩ ካለው 2 እጥፍ ሲደርስ ሥሩ ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ በላይ እንደ ጠበበ ይገመታል፤ የአባትዎ ከ3 እጥፍ በላይ ነው። ቁጥሩ የሚታመነው ግን የድምፅ ሞገዱና የደሙ ፍሰት የሚሠሩት ማዕዘን ከ60 ዲግሪ ሳይበልጥ ከተለካ ነው፤ ማዕዘኑ ምስሉ ዳር ላይ ስለሚጻፍ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ምስሉንም ይዘው ወደ ሐኪም ይሂዱ።

መልስ 3፣ አጠቃላይ ሐኪም፣ ደሴ፦

የቁርጭምጭሚትና የክንድ የደም ግፊት ንጽጽርም (የቁርጭምጭሚቱ ለክንዱ ሲካፈል) ይታዘዝላቸው ይሆናል፤ ውጤቱ ከ0.9 በታች ከሆነ የደም ቅዳ ጥበትን ይደግፋል። ስኳር ለረጅም ጊዜ ባለባቸው ሰዎች ግን የሥሩ ግድግዳ ስለሚደድር ቁጥሩ በሐሰት ከፍ ሊል ይችላልና፣ «1.4 ስለሆነ ደኅና ነው» ቢባል የእግር ጣት ግፊት እንዲለካ ይጠይቁ። አብሽሩ፣ ዳገት ላይ ብቻ የሚመጣ ሕመም ቀጠሮ ይጠብቃል። ተኝተው ሳሉ የሚያማቸው ከሆነ፣ ጣታቸው ላይ የማይድን ቁስል ከወጣ፣ ወይም እግሩ በድንገት ከቀዘቀዘና ከነጣ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ዕለት ይውሰዷቸው።